ከማሳ እስከ ባሕር፦ በአየር የሚጓዙ ብናኞች ለባሕር ሕይወት የሚሰጡት ምግብና ለአርሶ አደሩ ያላቸው ትርጉም

በበጋ ወራት በደባርቅ፣ በዳባትና በደረስጌ አካባቢ የሚንቀሳቀስ ሰው ከደረቀ ማሳ፣ ከአውድማና ከጠጠር መንገድ የሚነሣውን አቧራ በየአቅጣጫው ያያል። ይህ አቧራ ለብዙዎች ዓይን የሚያስቸግርና ልብስ የሚያቆሽሽ ነገር ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ከመሬት ገጽ ተነሥተው በነፋስ የሚጓዙ ደቃቅ ብናኞች ለባሕርና ለውቅያኖስ ሕይወት የሚያስፈልጉ ንጥረ ነገሮችን ተሸክመው እንደሚሄዱ በሳይንስ ተረጋግጧል። በአንድ ስፍራ የጠፋው አፈር በሌላ ስፍራ ምግብ ይሆናል።

ይህ ዕውቀት ከባሕር ርቀው ለሚኖሩ ዜጎችም ጠቀሜታ አለው። ብናኙ ለባሕር የሚያደርሳቸው ንጥረ ነገሮች፣ ማለትም ብረት፣ ፎስፈረስና ሌሎችም፣ ገብስና ባቄላ የሚበቅሉባቸው ንጥረ ነገሮች ናቸው። በመሆኑም የብናኝን ጉዞ መረዳት የማሳ አፈር ምን ያህል ውድ ሀብት እንደሆነ ለመረዳት ይረዳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአየር የሚጓዙ ብናኞች ምን እንደሆኑ፣ ባሕርን እንዴት እንደሚመግቡ፣ ከሰሜን ተራሮች የሚሸረሸረው አፈር ወዴት እንደሚሄድና ዜጎች አፈራቸውን ለመጠበቅ የትኞቹን አገልግሎቶች ማግኘት እንደሚችሉ ማስረዳት ነው።

በአየር የሚጓዙ ብናኞች ምንድን ናቸው?

በአየር የሚጓዙ ብናኞች ከተለያዩ ምንጮች ወደ ከባቢ አየር የሚወጡ ጠጣር ደቃቆች ናቸው። ዋና ዋና ምንጮቻቸው የሚከተሉት ናቸው።

• በረሃዎችና የደረቁ የሐይቅ ወለሎች፦ ከመሬት ወደ አየር ከሚወጣው አቧራ አብዛኛውን ክፍል የሚያበረክቱ ናቸው።
• እሳተ ገሞራዎች፦ በፍንዳታ ጊዜ አመድን ወደ ከፍተኛው የአየር ክፍል ይረጫሉ።
• የደን፣ የሣርና የተረፈ ምርት ቃጠሎ፦ ጭስና ጥላሸት ያስወጣል።
• ተሽከርካሪዎችና ፋብሪካዎች፦ ከነዳጅ ቃጠሎ የሚወጡ ደቃቅ ብናኞችን ይለቅቃሉ።
• የተራቆተ የእርሻና የግጦሽ መሬት፦ በደረቅ ወቅት ለነፋስ የተጋለጠ አፈር ያስነሣል።

የብናኙ መጠን የጉዞውን ርቀት ይወስናል። አሸዋ የሚያህለው ከባድ ክፍል ከተነሣበት ሳይርቅ ይወድቃል። ስፋቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ ክፍል በታች የሆነው ደቃቅ ብናኝ ግን ለቀናት በአየር ላይ ሊቆይና በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ይችላል። በመጨረሻም በራሱ ክብደት ቀስ በቀስ ይወርዳል፤ አለዚያም ዝናብ አጥቦ ወደ ምድር ወይም ወደ ባሕር ያወርደዋል።

በአማካይ ከ100 ኪሎ ግራም የበረሃ አቧራ ውስጥ 3.5 ኪሎ ግራም ያህሉ ብረት ሲሆን፣ ፎስፈረሱ ከ70 እስከ 80 ግራም ይገመታል። መጠኑ አነስተኛ ቢመስልም በዓመት በመቶ ሚሊዮኖች ቶን የሚቆጠር አቧራ ሲታሰብ ባሕር ላይ የሚያርፈው ንጥረ ነገር ከፍተኛ ይሆናል።

ባሕር ይህን ብናኝ ለምን ይፈልገዋል?

የባሕር ሕይወት መሠረት ፋይቶፕላንክተን የሚባሉት በዓይን የማይታዩ ተንሳፋፊ ሕዋሳት ናቸው። እነዚህ ሕዋሳት እንደ ምድር ዕፀዋት የፀሐይ ብርሃንን ተጠቅመው ምግብ ያዘጋጃሉ። በምድራችን ላይ ከሚካሄደው የዚህ ዓይነት ምግብ ዝግጅት ግማሽ ያህሉ የሚከናወነው በእነርሱ ነው። እነርሱን ጥቃቅን እንስሳት ይመገቧቸዋል፤ እነዚያን ትናንሽ ዓሦች፣ ትናንሾቹን ደግሞ ትልልቆቹ ይመገባሉ። ስለዚህ ፋይቶፕላንክተን ሲቀንስ ዓሣ ይቀንሳል፤ የአጥማጁም መረብ ባዶ ይሆናል።

ፋይቶፕላንክተን ለማደግ ብርሃን ብቻ አይበቃውም፤ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ብረትና ሌሎች ንጥረ ነገሮችም ያስፈልጉታል። በባሕር ውስጥ ግን ሕይወት ያለው ነገር ሲሞት ወደ ጥልቁ ስለሚሰምጥ ንጥረ ነገሮቹም አብረውት ይወርዳሉ። ብርሃን የሚደርሰው የላይኛው ውኃ በዚህ ምክንያት ይራቆታል። የተራቆተው ውኃ እንደገና የሚበለጽገው በሦስት መንገዶች ነው፤ ከጥልቁ ወደ ላይ በሚወጣ ውኃ፣ ከየብስ በሚመጡ ወንዞችና ከአየር በሚወርዱ ብናኞች። ከባሕር ዳርቻ በራቀው የውቅያኖስ ክፍል የወንዝ ውኃ ስለማይደርስ የአየሩ መንገድ ልዩ ቦታ ይኖረዋል።

ይህን ለመረዳት የእርሻ ማሳ ጥሩ ምሳሌ ነው። አንድ ማሳ ዩሪያ በብዛት ቢጨመርለት ፎስፈረስ ከሌለው ሰብሉ ከሚፈለገው ደረጃ አይደርስም፤ የምርቱ ልክ የሚወሰነው በጎደለው ንጥረ ነገር ነው። በውቅያኖስም እንዲሁ ነው። በአንታርክቲካ ዙሪያ ባለው ውቅያኖስ፣ በምድር ወገብ አካባቢና በሰሜናዊው የፓስፊክ ውቅያኖስ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በበቂ መጠን እያሉ የፋይቶፕላንክተን ዕድገት አነስተኛ ሆኖ ቆይቷል። አሜሪካዊው የውቅያኖስ ተመራማሪ ጆን ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የጎደለው ብረት መሆኑን ገለጸ። እርሱ ባረፈበት በ1993 (እ.ኤ.አ.) በጋላፓጎስ ደሴቶች አቅራቢያ የሚሟሟ ብረት በባሕር ላይ ተረጭቶ ሐሳቡ ተፈተነ፤ በ1995 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው ሁለተኛ ሙከራም የፋይቶፕላንክተኑ ዕድገት በከፍተኛ መጠን ጨመረ።

ሆኖም በብናኝ ውስጥ ያለ ብረት ሁሉ ለሕዋሳት የሚጠቅም አይደለም። በውኃ የሚሟሟው ከጠቅላላው ጥቂቱ ብቻ ነው። ብናኙ ረጅም ርቀት ሲጓዝና በደመና ውስጥ ካሉ አሲዶች ጋር ሲገናኝ የሚሟሟው ክፍል ይጨምራል። ይህም ከአሲዳማ አፈር ችግር ጋር ይመሳሰላል፤ በአሲዳማ ማሳ ውስጥ ፎስፈረስ ቢኖርም ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ተጣብቆ ስለሚያዝ ሰብሉ ሊያገኘው አይችልም። አንድ ንጥረ ነገር መኖሩና ለሕይወት መድረሱ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው።

ከበረሃ እስከ ውቅያኖስ

ብናኝ ባሕር ተሻግሮ እንደሚጓዝ ከታወቀ ቆይቷል። እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በጥር 1832 በኬፕ ቨርዴ ደሴቶች አጠገብ በመርከብ ላይ ሳለ ከአየር የወረደ ደቃቅ አቧራ ሰብስቦ ነበር።

በአሁኑ ጊዜ ሳተላይቶች ይህን ጉዞ በየቀኑ ይከታተላሉ። ከ2007 እስከ 2013 (እ.ኤ.አ.) በተሰበሰበ የሳተላይት መረጃ ላይ ተመሥርቶ በ2015 (እ.ኤ.አ.) ይፋ የሆነ ጥናት እንደሚያሳየው፣ በዓመት በአማካይ 182 ሚሊዮን ቶን አቧራ ከሰሃራ ተነሥቶ የአፍሪካን ምዕራባዊ ጠረፍ አልፎ ይወጣል። ከዚህ ውስጥ 27.7 ሚሊዮን ቶን ያህሉ በደቡብ አሜሪካ በአማዞን ተፋሰስ ላይ ሲያርፍ፣ ወደ 22,000 ቶን የሚገመት ፎስፈረስ ይዞ ይደርሳል። ቀሪው በአትላንቲክ ውቅያኖስና በካሪቢያን ባሕር ላይ ይወርዳል፤ አልፎም ይሄዳል። ከታወቁት የአቧራ ምንጮች አንዱ በቻድ የሚገኘው የቦዴሌ ረባዳ ነው። ይህ ስፍራ በጥንት ዘመን የሰፊ ሐይቅ ወለል የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ የሚነሣው ነጭ አቧራ በዚያ ሐይቅ የኖሩ ጥቃቅን ሕዋሳት ቅሪት ያለበት ነው። የጥንቱ ሐይቅ ሕይወት ዛሬ በሌላ አህጉር ለሚገኝ ደንና ለሌላ ባሕር ምግብ ሆኗል።

የእሳተ ገሞራ አመድ

እሳተ ገሞራም ባሕርን ይመግባል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2008 በአላስካ የሚገኘው የካሳቶቺ እሳተ ገሞራ በፈነዳ ጊዜ አመዱ በሰሜን ምሥራቅ ፓስፊክ ላይ ወረደ። ብረት በጎደለው በዚያ ውኃ ውስጥ ከፍንዳታው ቀጥሎ ሰፊ የፋይቶፕላንክተን መስፋፋት በሳተላይት ታይቷል።

በአገራችን ደግሞ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር ክልል የሚገኘው የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ወጥቶ ቀይ ባሕርን ተሻገረ፤ ወደ የመንና ወደ ኦማን፣ ቀጥሎም ወደ ፓኪስታንና ወደ ሰሜናዊ ሕንድ አቀና፤ የአውሮፕላን በረራዎችንም አስተጓጎለ። በአቅራቢያው በሚገኙ የአፍዴራ መንደሮች ግን አመዱ የግጦሽ መሬትን በመሸፈኑ አርብቶ አደሮችን አስቸግሯል። ይህ ክስተት ከኢትዮጵያ ምድር የሚነሣ ብናኝ በአጭር ጊዜ ውስጥ ባሕር ላይ ሊደርስ እንደሚችል ያሳያል። ለሩቁ ባሕር ንጥረ ነገር ሊሆን የሚችለው አመድ ለቅርቡ መንደር ጉዳት መሆኑንም እንዲሁ ያሳያል።

ቀይ ባሕር፦ ወንዝ የሌለው ባሕር

ከደረስጌ እስከ ቀይ ባሕር ዳርቻ በቀጥታ መስመር 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቀይ ባሕር ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የማይገባበት፣ ዝናቡም እጅግ አነስተኛ የሆነ ባሕር ነው። በዙሪያው በረሃዎች ስላሉ በየዓመቱ በሚሊዮኖች ቶን የሚቆጠር አቧራ ይወርድበታል። የደቡቡ ክፍል በባብ ኤል መንደብ በኩል ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ከሚገባው ውኃ ከፍተኛ የንጥረ ነገር ድርሻ ያገኛል፤ አቧራው ደግሞ በዚህ ላይ ብረትንና ፎስፈረስን ይጨምራል።

ከአቧራው ምንጮች አንዱ በምሥራቅ ሱዳን የሚገኘው የቶካር ደልታ ነው። ከኤርትራ ደጋማ አካባቢ የሚነሣው የባርካ ወንዝ በክረምት ሞልቶ ደለል ይዞ ይወርድና በቶካር ሜዳ ላይ ይተወዋል። የደረቀውን ደለል በተራሮቹ መካከል ባለው ክፍተት የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ አንሥቶ ወደ ባሕሩ ይበትነዋል፤ ይህ የሚሆነው በእኛ አቆጣጠር በሰኔና በሐምሌ አካባቢ ነው። የደጋ አፈር በመጀመሪያ በጎርፍ፣ ቀጥሎ በነፋስ ተጓጉዞ ባሕር ይደርሳል ማለት ነው።

የሰሜን ተራሮች አፈር ከየት መጣ? ወዴትስ ይሄዳል?

የሰሜን ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ዐለት የተገነቡ ናቸው። ዐለቱ ባዛልት የሚባለው ጥቁር ድንጋይ ሲሆን በውስጡ ብረት፣ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ፎስፈረስ ይዟል። ዐለቱ በውርጭ፣ በዝናብና በሥሮች ኃይል ለብዙ ሺህ ዓመታት እየተፈረካከሰ በከፍተኛው ስፍራ ጥቁርና ልል አፈር ፈጥሯል። በጃን አሞራ ወረዳ የሚገኘውና ዳግማዊ ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑበት የደረስጌ ማርያም አካባቢም የዚሁ ምድር አካል ነው። ገበሬው በየዓመቱ የሚያርሰው አፈር ከአፋሩ አመድ ጋር አንድ ዓይነት ምንጭ ያለው፣ ነገር ግን በረጅም ዘመን የበሰለ ሀብት ነው።

በዚህ አካባቢ አፈርን የሚወስደው ዋነኛ ኃይል ነፋስ ሳይሆን ጎርፍ ነው። ነፋሱ በበጋ የላይኛውን ደቃቅ ክፍል ያነሣል፤ ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ያልተሸፈነውንና ቁልቁለት ላይ ያለውን ማሳ ዝናቡ ያጥበዋል። ሁለቱም በቅድሚያ የሚወስዱት ደቃቁንና በንጥረ ነገር የበለጸገውን የላይኛውን አፈር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሠራው ስዊዘርላንዳዊው ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ የአካባቢውን የአፈር መሸርሸር አጥንቷል። በኋላም በአገር አቀፍ ደረጃ በታረሰ መሬት ላይ የሚደርሰውን የአፈር መጥፋት በዓመት በሄክታር በአማካይ 42 ቶን አድርጎ ገምቷል። ይህ 420 ኩንታል አፈር ነው። በሩብ ሄክታር ማሳ ሲሰላ ከ100 ኩንታል በላይ ይሆናል። በውፍረት ሲለካ በዓመት ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ20 ዓመት ውስጥ ግን ወደ 7 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። አዲስ አፈር የሚፈጠርበት ፍጥነት ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው። በተለይ በቁልቁለት ላይ በሚታረስ ማሳ ጉዳቱ ከአማካዩ ሊበልጥ ይችላል።

የተሸረሸረው አፈር ከሰሜን ተራሮች በማይ ሻሃና በሌሎች ገባሮች ወደ ተከዜ፣ ከምዕራባዊው ተዳፋት ደግሞ በአንገረብ በኩል ወደ አትባራ ይወርዳል፤ ከዚያም ከዓባይ ጋር ይቀላቀላል። የዓባይ ደለል አብዛኛው የሚመነጨው ከኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ነው። ይህ ደለል በቀድሞው ዘመን እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ይደርስ ነበር። በየዓመቱ ከጎርፉ ማግስት በግብፅ ጠረፍ ፋይቶፕላንክተን ይበዛና ሰርዲን ዓሣ ይሰበሰብ ነበር። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ጎርፉን ማገድ ሲጀምር በ1962 (እ.ኤ.አ.) 18,000 ቶን ገደማ የነበረው የሰርዲን ምርት በ1968 (እ.ኤ.አ.) ወደ 500 ቶን ገደማ አሽቆለቆለ። ባሕር ከየብስ በሚመጣ ንጥረ ነገር ላይ ምን ያህል እንደሚመካ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ አይገኝም።

ዛሬ ከሰሜን ተራሮች የሚታጠበው አፈር ባሕርን አይመግብም ማለት ይቻላል። በ2001 ዓ.ም. የተጠናቀቀውና 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ ከላይ የሚመጣውን ደለል ይይዛል። በታችኛው አትባራ ላይ የተሠራው የሱዳኑ ኻሽም ኤል ጊርባ ግድብ በደለል ምክንያት ውኃ የመያዝ አቅሙን ግማሽ ያህል አጥቷል። ከዚህ ያለፈውን አስዋን ያስቀረዋል። ስለሆነም ከደረስጌ ማሳ የተነሣ አፈር ለገበሬውም አይቀርም፤ ለባሕሩም አይደርስም። የኃይል ማመንጫና የመስኖ ግድቦችን ዕድሜ ያሳጥራል እንጂ።

ንጥረ ነገር ከልክ ሲያልፍ

ንጥረ ነገር ወደ ውኃ መግባቱ ሁልጊዜ ጥቅም ብቻ የሚያመጣ አይደለም። በባሕርም ሆነ በሐይቅ ከልክ ያለፈ ንጥረ ነገር አልጌ እንዲበዛ ያደርጋል፤ አልጌው ሲበሰብስ ኦክስጅን ያልቅና ዓሣ ይሞታል። በጣና ሐይቅ ላይ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ጎልቶ የታየው የእንቦጭ አረም መስፋፋት ከተፋሰሱ ታጥቦ ከሚገባው አፈርና ንጥረ ነገር ጋር የተያያዘ ነው። በቪክቶሪያ ሐይቅም ከአየር የሚወርድ ፎስፈረስ ከዋና ዋናዎቹ የብክለት ምንጮች አንዱ መሆኑ በጥናት ታውቋል፤ ለዚህም ከተራቆተ መሬት የሚነሣ አቧራና ከቃጠሎ የሚወጣ አመድ አስተዋጽኦ ያደርጋሉ።

ደቃቅ ብናኝ ለሰው ጤናም አስጊ ነው። ወደ ሳንባ ጠልቆ በመግባት የመተንፈሻ አካላት ሕመምን ያባብሳል። በደረቅና አቧራማ ወራት የማጅራት ገትር በሽታ በአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀጠና ውስጥ እንደሚጨምር ይታወቃል፤ ኢትዮጵያም በዚህ ቀጠና ትገኛለች።

አፈርን በማሳ ላይ ለማቆየት ምን ይደረግ?

በደጋና በውርጭ አካባቢ የሚከተሉት ተግባራት አፈርን ከነፋስም ከጎርፍም ይጠብቃሉ።

• ማሳን ሸፍኖ ማቆየት፦ ከአጨዳ በኋላ የገለባውን የተወሰነ ክፍል በማሳው ላይ መተው፤ ተረፈ ምርትን አለማቃጠል።
• ተዳፋትን አግድም ማረስ፦ ፈሩ ቁልቁል ከወረደ ጎርፉን ይመራዋል፤ አግድም ከሆነ ግን ያቆመዋል።
• እርከን መሥራትና መጠገን፦ ድንጋይ ባለበት የድንጋይ፣ በሌለበት የአፈር እርከን መሥራት፤ በእርከኑ ላይ ሣርና ለመኖ የሚሆን ተክል መትከል።
• ልቅ ግጦሽን መቀነስ፦ የከብት ኮቴ የደረቀ አፈርን ፈጭቶ ለነፋስ ያዘጋጃል። ሣር አጭዶ ማብላት የተሻለ ነው።
• ፍግን ወደ ማሳ መመለስ፦ ኩበት ሲነድ ለአፈሩ ሊመለስ የሚገባው ንጥረ ነገር በጭስና በአመድ ይባክናል። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃና ለማገዶ የሚሆን የዛፍ ተክል ፍጉን ለኮምፖስት ያተርፋሉ።
• ነፋስ የሚከላከል ዛፍ መትከል፦ በማሳ ዳርና በመንደር ዙሪያ ከአካባቢው የአየር ጠባይ ጋር የሚስማሙ ዛፎችን መትከል።

የመሬት ሕግም ይህን ይደግፋል። የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997 ተዳፋትነቱ ከ30 እስከ 60 በመቶ የሆነ መሬት እርከን ሳይሠራለት ለዓመታዊ ሰብል እንዳይውል፣ ከ60 በመቶ በላይ የሆነው ደግሞ ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ ሳይሆን ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ እንዲውል ደንግጎ ነበር። 60 በመቶ ማለት አግድም 100 ሜትር በሚኬድበት ርቀት 60 ሜትር ከፍ የሚል ቁልቁለት ነው። ይህ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ተተክቷል። ባለይዞታዎች በይዞታቸው ላይ ያለባቸውን ወቅታዊ ግዴታና ያላቸውን መብት ከወረዳ የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል።

አገልግሎት ለማግኘት

1. የምክር አገልግሎት፦ በቅድሚያ ለቀበሌው የግብርና ልማት ሠራተኛ ማመልከት። ሠራተኛው ማሳውን ተመልክቶ ስለ እርከን ዓይነት፣ ስለ ኮምፖስት አዘገጃጀትና ስለ መኖ ተክል ምክር ይሰጣል። በስልክ ምክር ለማግኘት የግብርና የምክር መስመር የሆነውን 8028 መጠቀም ይቻላል።

2. የአፈር ምርመራ፦ አርሶ አደሩ አፈሩ አሲዳማ መሆኑን ወይም የትኛው ንጥረ ነገር እንደጎደለው ለማወቅ ሲፈልግ በልማት ሠራተኛው በኩል ይጠይቃል። ናሙናው ከማሳው ቢያንስ ከአምስት ቦታዎች፣ ከላይ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ተወስዶ ይደባለቃል፤ ከድብልቁ አንድ ኪሎ ግራም ያህሉ በንጹሕ ፕላስቲክ ይያዛል። ማዳበሪያ የነበረበትን ጆንያ መጠቀም ውጤቱን ያዛባል። ፍግ ከተከመረበትና ከእርከን ሥር ናሙና አይወሰድም።

3. የተፋሰስ ሥራ፦ በበጋ ወራት በሚካሄደው የተፋሰስ ልማት ሥራ የአንድ ማሳ እርከን ብቻውን በቂ ስለማይሆን፣ በአንድ ተዳፋት ላይ ያሉ ባለይዞታዎች በጋራ ቢያመለክቱ ሥራው ከላይ ወደ ታች በቅደም ተከተል ሊታቀድላቸው ይችላል።

4. የይዞታ ጉዳይ፦ ማሳው በጎርፍ ከተቆረጠ ወይም ወሰኑ ከጠፋ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተርና መታወቂያ ይዞ ለወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ማመልከት ያስፈልጋል።

5. የጤና ጉዳይ፦ በአቧራማ ወራት የማያቋርጥ ሳል ወይም የመተንፈስ ችግር፣ እንዲሁም ከትኩሳት ጋር የአንገት መገተርና ኃይለኛ ራስ ምታት የታየበት ሰው በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

ተደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች

አፈራችን ባሕርን የሚመግብ ከሆነ እርከን መሥራታችን ባሕሩን አይጎዳም?

አይጎዳም። ውቅያኖሶች ከአየር የሚያገኙት ንጥረ ነገር በአብዛኛው የሚመጣው ከሰፋፊ በረሃዎች፣ ከደረቁ ሐይቆችና ከእሳተ ገሞራዎች ነው። ከሰሜን ተራሮች የሚታጠበው አፈር ደግሞ አብዛኛው በግድቦች ውስጥ ይቀራል።

ከሌላ ስፍራ የሚመጣ አቧራ በማሳዬ ላይ ቢያርፍ ማዳበሪያን ይተካል?

አይተካም። በአንድ ዓመት የሚያርፈው መጠን እጅግ ጥቂት ነው፤ ውጤቱ የሚታየው በብዙ ሺህ ዓመታት ነው። ማሳው በአንድ ክረምት የሚያጣው ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

የእሳተ ገሞራ አመድ ለእርሻ ጥሩ ነው ይባላል፤ እውነት ነው?

በረጅም ጊዜ ለም አፈር ይሆናል፤ የሰሜን ተራሮች አፈርም ከእሳተ ገሞራ ዐለት የተገኘ ነው። ትኩስ አመድ ግን ግጦሽንና ውኃን ስለሚበክል እንስሳትን ከአመድ ከተሸፈነ መስክ ማራቅና ንጹሕ መኖና ውኃ ማቅረብ ያስፈልጋል።

ማጠቃለያ

በአየር የሚጓዙ ብናኞች የባሕርን ሕይወት ከሚያኖሩ ምንጮች መካከል ናቸው። ይህ የተፈጥሮ ሥርዓት ከሰው እርዳታ ውጭ ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት የቆየ በመሆኑ የእርሻ መሬትን አፈር አይጠይቅም። ባሕርን የሚያለማው ንጥረ ነገር በማሳ ላይ ሲቆይ ሰብልን ያለማል፤ ከማሳ ሲወጣ ግን ለገበሬው ተመልሶ አይመጣም። በመሆኑም ዜጎች ከክረምቱ መግባት በፊት ማሳቸውን እንዲመለከቱ፣ የፈረሱ እርከኖችን እንዲጠግኑና በአቅራቢያቸው የሚገኘውን የግብርና አገልግሎት እንዲጠቀሙ ይመከራል።